ሁለተኛው ቅጽ አንጀቴን አቃጠለው
የዚህን ልብወለድ የመጀመሪያ ቅጽ ክረምት ላይ፣ ደሴ በጉም ተሸፍና የጦሳ ተራራ እንኳ ሳይታይ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ያቺ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ የወጣች ልጅ ከልቤ አልወጣ ብላ፣ ሁለተኛውን ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣሁ። መናኸሪያ ስረከበው እዚያው ቆሜ ነው የገለጥኩት።

እና ምን አገኘሁ? ጉዞ! ይሄዳሉ፣ ያድራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። ኧረ በሕግ፣ አንድ ወንዝ ለመሻገር 60 ገጽ! በአንደኛው ቅጽ ለማንም የማትበገረው ልጅ እዚህ ሦስት ጊዜ ተማረከች፣ ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ሰው መጥቶ አስፈታት። ከሁሉ ያናደደኝ ይሄ ነው። ምን በድላ ነው እንዲህ የተደረገችው? ወንድሟማ ከነጭራሹ ተረስቷል፤ ስሙ የተነሳው ሁለቴ ነው፣ ቆጥሬያለሁ። መጨረሻው ደግሞ በር ሲንኳኳ ቁርጥ ይላል። ማን እንዳንኳኳ ለማወቅ ሦስተኛውን ግዛ ነው።

የመሃል ቅጽ ስለሆነ ነው አትበሉኝ። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን «የቀለበቶች ጌታ» የተባለውን ልብወለዱን እንደ አንድ ሥራ ነው የጻፈው፤ በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ከፍሎ ያወጣው አሳታሚው ነው። መሃሉም ታሪክ ነው፣ የገጽ መሙያ አይደለም።

ጓደኛዬ «አብሽር፣ ሦስተኛው ይክስሃል» ትለኛለች። እኔ የናፈቀችኝ ግን ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ ናት።