ለወሎ ተራራ ሐምሌ አይመረጥም

ስዊዘርላንድ ውስጥ ተራራ ለመውጣት ያሰበ ሰው መንገዱ ለአቅሙ የሚሆን መሆን አለመሆኑን ገና ከቤቱ ሳይነሣ ያውቃል። ቢጫ ምልክት ያለበት መንገድ ለማንኛውም ጤነኛ እግር የተተወ ነው። ድንጋዩ ላይ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ቀለም ከታየ ዳገቱ በርትቷል፤ ጠንካራ ጫማ ይፈልጋል። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ደግሞ ገደልና በረዶ ለለመዱ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የጉዞው ሰዓት ነው፤ ሜዳ ላይ በሰዓት 4.2 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ታስቦ፣ ዕረፍት ሳይጨመር ይሰላል። የእግር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1979 በሕዝበ ውሳኔ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ምልክት ያለው መንገዳቸው ከ65,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

በእነዚህ መንገዶች ላይ ስሄድ ሐሳቤ ወሎ ነው። ዜንቲስ የሚባለው ዝነኛ ተራራቸው ጫፉ 2,502 ሜትር ነው። እኛ ደሴንና ላሊበላን የሚያህሉ ከተሞች የቆረቆርነው በዚያው ከፍታ ግድም ነው። በአልፕስ ዛፍ መብቀል በሚያቆምበት ከፍታ የወሎ ገበሬ ባቄላ ይለቅማል፤ ከዚያም በላይ፣ ከ3,000 ሜትር አልፎ፣ ገብስ ያጭዳል።

ታዲያ ከውጭ የምንመጣው መቼ ነው? የልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ። የስዊስ ከፍተኛ መንገዶች በረዶው ለቋቸው የሚከፈቱት ያኔ ስለሆነ፣ እግራችን በዚያ አቆጣጠር ለምዷል። ወሎ ላይ ግን ሐምሌ ጭቃና ጉም ነው፤ ወንዙ ይሞላል፣ አፋፍ ላይ ቆሞ ከፊት ያለው ገደል እንኳ አይታይም። ልጆቻችን የአባታቸውን አገር ተራራ ሳያዩ ይመለሳሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የፈረንጆች ገና ዕረፍት፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ቢሆንም፣ ታኅሣሥ ላይ ይውላል። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ጋቢ መያዝ ነው። አደይ አበባ ማየት የሚፈልግ መስከረም ማለቂያ ላይ ይምጣ። ከየካቲት ወዲያ ደግሞ የበልግ ዝናብ አለ፤ ወሎ በልግ አብቃይ መሆኑን የሚያውቅ ሰው «በጋ ነው» ተብሎ አይታለልም።

ለጀማሪ ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም የሚወስደውን ዳገት የሚተካከል አላውቅም። ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ መጨረሻው ላይ በዓለቱ መካከል በተፈለፈለ ጠባብ መተላለፊያ ታልፎ ነው የሚገባው። ከልጄ ጋር ስንወጣ ቁልቁል የሚወርዱ አንዲት እናት አገኘን። «እማማ፣ ብዙ ይቀረናል?» አልኳቸው። ልጄን አየት አደረጉና «ለአንተስ ቅርብ ነው፣ ልጄ። ለእሷ ግን ይርቃል፤ እዚያ ከወይራው ሥር አሳርፋት፣ ውኃም አጠጣት» አሉኝ። የስዊስ ሰሌዳ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ሰዓት ነው የሚነግረው። እኒህ እናት ግን መንገዱን በተጓዡ ልክ ሰፍረው ነገሩን።

ይህ ዕውቀት በየዳገቱ አለ። በሰሜን ወሎ፣ በመቄት አፋፍ ላይ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገበሬዎች ራሳቸው እንግዳ ማሳደሪያ ጎጆ እያስተዳደሩ፣ ጓዙን በአህያ እየጫኑ ተጓዥ ሲያስተናግዱ ኖረዋል። የአምባው አናት ሜዳ ስለሆነ መካከለኛ አቅም ላለው ይበቃል። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግን ሌላ ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጓሳውና ጅብራው መሀል ጭላዳ ይግጣል፣ ዕድል የቀናው ቀይ ቀበሮ ያያል። ከአውሮፓ በመጣ በማግሥቱ ወደዚያ የሚገሠግሥ ሰው ራስ ምታቱና የትንፋሹ ማጠር ይመልሰዋል። ላሊበላ ላይ ሁለት ሦስት ሌሊት ማደር፣ መጀመሪያ አሸተንን መውጣት፣ ከዚያ መሪ ይዞ መነሣት ይሻላል። ግሸን ማርያምን ያላነሣሁት ሳልወዳት አይደለም፤ መስከረም 21 ቀን ያን ቀጥ ያለ አምባ ሽማግሌና አሮጊት በምርኩዝ ሲወጡት ላየ ሰው የአቅም ደረጃ ማውጣት ያስቸግረዋል።

ባለፉት ዓመታት ጦርነትና አለመረጋጋት ወሎን ክፉኛ ጎድቷል፤ መሪዎችና ባለ አህዮች እንግዳ አጥተው ከርመዋል። ዛሬም ቢሆን መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአካባቢው ሰው ሳያጣሩ መነሣት አይገባም። ሰላም ሲሆን ግን አማርኛ የማይችለው እንግዳና ውጭ አገር የተወለዱት ልጆቻችን እማማን መጠየቅ አይችሉም። ስለዚህ ከአሸተን ዳገት ግርጌ አንድ ሰሌዳ ይተከል፦ ለአዋቂ ስንት ሰዓት፣ ለልጅ ስንት ሰዓት፣ ውኃ የት እንዳለ፣ የትኞቹ ወራት እንደሚያዳልጡ። የቀለሙንና የእንጨቱን ወጪ ውጭ ያለነው እንቻል፤ ምን እንደሚጻፍበት የሚወስኑት ግን ዳገቱን በየሳምንቱ የሚወጡት ይሁኑ።