ይድረስ ለክቡር የዶሜይን እድሳት ማሳሰቢያ

ከደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ላልጠየቅንዎት ውለታ ምስጋና ስለማቅረብ

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ባሕር ተሻግረው በሱፍ ሸማኔዎች ማኅበራችን የፖስታ ሳጥን ውስጥ በመገኘትዎ የተሰማንን ለመግለጽ ይህ ደብዳቤ ተጽፏል። የመንዝ ባና እና ዝተት የምንሸጥበትን የድረ ገጽ ስም (ዶሜይን የሚሉትን) ‹ሊያጡት ነው› ብለው በደማቁ ማስጠንቀቅዎ፣ የማያውቁንን ሰዎች ይህን ያህል ማሰብዎ የሚደነቅ ነው። በራስጌዎ ያለው ባንዲራ፣ ከሥሩ የተሰመረበት የመጨረሻ ቀን፣ ባርኮዱና ተቀዶ ከክፍያው ጋር የሚላከው ቁራጭ ሁሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወግ አላቸው። የጎደለዎት ክብ ማኅተም ብቻ ሲሆን፣ ቀበሌ ሄደው ቢሆን ኖሮ ለዚሁ ሲባል ከበር ይመለሱ ነበር።

ገንዘብ ያዣችን ግን ማኅተም አልጠየቁዎትም። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ መነጽራቸውን ወልውለው፣ ደማቅ ደማቁን ብቻ ካነበቡ በኋላ ‹ልጄ፣ የማኅበሩን ስም እንዴት ብትይዘው ነው ፈረንጅ የሚያስጠነቅቀን?› አሉኝ። ስማችን የተመዘገበው በሌላ ድርጅት መሆኑን፣ የዶሜይን ስሞችን አሠራር በሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ድርጅት በአይካን ደንብ መሠረት ያ መዝጋቢ ራሱ ጊዜው ሊያበቃ አንድ ወር ገደማ ሲቀረውና እንደገና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው የማስታወስ ግዴታ እንዳለበት፣ አልፎ ተርፎ ቢሰረዝ እንኳ ዶት ኮም ለባለቤቱ የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ እንዳለው አስረዳሁ። የመዝጋቢያችንንም ኢሜይል ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁ። በስልክ የመጣ ነገር ቴምብር ተለጥፎበት ከመጣ ወረቀት ፊት ምን ክብደት አለው? ይከፈል የሚለው ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ሰፈረና የውጭ ምንዛሪ እንድጠይቅ እኔው ተላክሁ።

የውጭ ምንዛሪ ፈላጊ የሚቆምበት መስኮት ምን እንደሚመስል አልተርክም፤ አንባቢ ቆሞበታል። ተራዬ ደርሶ ክቡርነትዎን ባቀርብ፣ ወጣቷ የባንክ ሠራተኛ አገላብጣ አየችዎት፣ ወደ ዓይኗ አስጠጋችዎት፣ ከዚያም ወረፋው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ከግርጌዎ ያለውን የተልባ ፍሬ የሚያካክል ጽሑፍ ተረጎመችልኝ። ‹ይሄ እኮ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም ይላል። ዶሜይናችሁን ወደ እኛ አዛውሩ የሚል ማስታወቂያ ነው። ወንድም፣ ከመምጣትዎ በፊት ማንበብ አይሻልም ነበር?› በጉባኤው ፊት ስጮህ የዋልኩትን ነገር፣ አንዲት ቃል ሳታጎድል ለእኔው መልሳ አስተማረችኝ። ከኋላዬ የቆሙ የሰፈሬ ሰው ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ ‹አይዞህ፣ እኔንም በሎተሪ መልእክት ሊበሉኝ ነበር› ብለው አጽናኑኝ። ወደ ማኅበሩ ስመለስ ደግሞ ገንዘብ ያዣችን፣ ‹ባንኩ ካለማ ልክ ነው› አሉ።

አድራሻችንን ከየት አገኙት ብዬ አላስጨንቅዎትም። እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ዶሜይን ያስመዘገበ ሰው ስም፣ ስልክና ፖስታ ሳጥን ሁይዝ በሚባለው መዝገብ ላይ በአብዛኛው ለማንም ክፍት ስለነበረ፣ የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ መጥቶ ብዙ መዝጋቢዎች እስኪሸፍኑት ድረስ ያለ ከልካይ ሲገለብጡት ኖረዋል። ‹በእስያ ስማችሁን ሊወስድባችሁ የመጣ ሰው አለ› እያለ የሚያስፈራራው ኢሜይል ላኪ ዘመድዎም ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ዋጋዎ ግን ዝም አልልም። በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንድ ዶት ኮም በጅምላ ይሸጥበት የነበረው ዓመታዊ ዋጋ 10.26 ዶላር ሲሆን፣ እርስዎ የጠየቁን የዚህን ብዙ እጥፍ ነው፤ ያውም በፊርማችን ስማችንን ከነበረበት ነቅለን እንድናስረክብዎት። ደግሞም የሚከፍልዎት ማን እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ። ነገሩ የገባው ሰው ቀዶ ይጥልዎታል። የሚከፍልዎት፣ ፈቃድ ማሳደሻ ቀን አሳልፎ የተቀጣ፣ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ወረቀት ችላ አይባልም የሚለውን በኪሱ የተማረ ሰው ነው። ሊወስዱት የነበረው ገንዘብ በመንዝ ከተማ በመሐል ሜዳ ብርድ እጃቸው እየደነዘዘ ሱፍ የሚፈትሉ እናቶች ገንዘብ ነው። ይህንን ማንም በስህተት አልጻፈውም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ የትኛው ፊደል ይተልቅ፣ የትኛው ይነስ ብሎ መርጧል፤ ደማቁን ለእኛ፣ ደቃቁን ለዳኛ።

ዳኛውም ቢሆን ሁልጊዜ አይታለልም። በ2003 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከወገንዎ አንዱን ከስሶ፣ ማዛወርን እድሳት አስመስሎ እንዳያቀርብ አሳግዶታል። እርስዎ ግን ይኸው በደኅና ደርሰዋል።

በመሆኑም የፖስታ ሳጥናችን ከዝርዝርዎ እንዲሰረዝልን እየጠየቅን፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው ቢመጡ ወረፋውን የሚይዙት ገንዘብ ያዣችን ራሳቸው መሆናቸው በቃለ ጉባኤ የተያዘ መሆኑን እናስታውቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
በዕለቱ በባንኩ ወረፋ ላይ ለነበሩት በሙሉ፤ እንዲያውቁት