የዓይን ነጩ ነጭ አይደለም

እዚህ ብዙዎች «በዘይት ቀለም ፊት ስትሥሉ የዓይኑን ነጭ ከቱቦው በወጣ ንጹሕ ነጭ ሙሉት» ሲሉ አየሁ። ምክሩ ከቅንነት ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ዓይን 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ኳስ ናት። የላይኛው የዓይን ቆብ ጥላ ይጥልባታል፣ ዳርና ዳሯ ይደበዝዛል፣ በአፍንጫ በኩል ያለው ጥግ ደግሞ ሮዝማ ነው። ለማረጋገጥ መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ጎን ቁራጭ ነጭ ወረቀት ያዙ፤ የዓይኑ ነጭ አመድማ ሆኖ ታዩታላችሁ። በንጹሕ ነጭ ከሞላችሁት ፊቱ የደነገጠ ይመስላል፤ ብሌኑ ላይ ለምታርፈው የብርሃን ነጥብም የሚተርፍ ድምቀት አይኖርም። (የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዓይኖች ሌላ ወግ ናቸው፣ እነሱን አልነካሁም።) እኔ ነጩን በርንት አምበር በሚባል ጥቁር ቡናማ ቀለምና በአልትራማሪን ሰማያዊ ጥቂት አደብዝዤ ነው የምጀምረው።