ለክቡር አንቀጽ 6.2.1፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ገበሬን «ገበሬ አይደለህም» ማለትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎ ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ደረጃ (የቋንቋው ደንብ መጽሐፍ) ውስጥ ተቀምጠው የትኛው ስም እስከ የት እንደሚታይ የሚወስኑ ባለሥልጣን ነዎት። በሥርዎ አራት ስኮፖች፣ ማለትም ስም የሚታይባቸው ክልሎች፣ አሉ፦ የፋይል፣ የብሎክ፣ የፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል)፣ አራተኛው ደግሞ ያ ጉደኛ የፈንክሽን ፕሮቶታይፕ፤ ፈንክሽኑ በቅንፍ ውስጥ ምን እንደሚቀበል አስቀድሞ የሚያስታውቅ መስመር። አቤቱታዬ በአራተኛው ላይ ነው።

ማክሰኞ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የሠራሁትን የዘር ብድር መዝገብ ላሳይ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ አሉ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ አለች፣ ጋቢ የደረቡ የኮሚቴ አባቶች አሉ። ጥበቃው ሳይቀር ከበሩ ላይ አንገቱን አስግጓል።

«የባቄላውን ለብቻ ያሳየናል?» አሉኝ።

ምን ችግር አለው! ሄደሩ (ማስታወቂያዎቹ የሚጻፉበት ፋይል) አናት ላይ አንድ የፕሮቶታይፕ መስመር ጨመርኩ፤ ስትራክት ገበሬን፣ ማለትም የአንድን ገበሬ መረጃ የያዘውን ጥቅል፣ በፖይንተር (በአድራሻው) የሚቀበል ፈንክሽን። ስትራክቱ ራሱ እዚያው ፋይል ውስጥ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ኮምፓይል አደረግኩ፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ አስተረጎምኩ ማለት ነው። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ።

«ምን ይላል?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

ምን ልበል? እንዳለ አነበብኩላቸው። «የጠበቅኩት ስትራክት ገበሬ ነው፤ የተሰጠኝ ግን ስትራክት ገበሬ ነው ይላል።»

ጭጭ።

«እና ምን ጎደለው?» አለች ሒሳብ ሠራተኛዋ።

«የመንዙን ጠብቆ የቡልጋው መጥቶበት ይሆናላ» አሉ አንዱ አባት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጥበቃው ግን አልሳቀም። «በቃ፣ ሲስተም የለም በላቸው» አለኝ፣ አዝኖልኝ።

ክቡር ሆይ፣ እንደ እርስዎ ደንብ የስትራክት ስም መጀመሪያ ብቅ ያለው በፕሮቶታይፕ ቅንፍ ውስጥ ከሆነ፣ ዕድሜው እዚያው ያልቃል። ከታች የሚመጣው ገበሬ ሌላ ሰው ነው። ስሙ ያው፣ መልኩ ያው፣ ግን መሸኛ ሳይዝ ቀበሌ እንደቀየረ ነዋሪ «አናውቅህም» ይባላል።

ለመሆኑ ማንን ጠቀመ? በቅንፍ ውስጥ ተወልዶ በቅንፍ ውስጥ የሚሞት ስትራክት ማን ስሙን ጠርቶት ያውቃል? ማንም! ከውጭ ሊያየው የሚችል የለም። ማንም የማይፈልገውን ነገር ፈጥረህ፣ የምፈልገውን ደብቀህ፣ በሽማግሌ ፊት አንገቴን አስደፋኸኝ። ድሮ እንኳ ኮዴን የሚተረጉመው ጂሲሲ በማስጠንቀቂያ ያልፈኝ ነበር። በፈረንጆቹ 2024 ከወጣው ከ14ኛው እትሙ ወዲህ ግን ስህተት ብሎ ገትሮ ያቆመኛል።

ይቅርታ፣ «አንተ» አልኩ መሰለኝ።

መድኃኒቱ ደግሞ ያስቃል። ከፕሮቶታይፑ በላይ «ስትራክት ገበሬ» ብሎ በሴሚኮለን መዝጋት። በቃ። ውስጡ ምንም የለም፤ ስሙን በፋይል ደረጃ ማስመዝገብ ብቻ ነው። ለዚህች ባዶ መስመር ነው ያ ሁሉ ውርደት።

ሌሎች ቅሬታዎችም አሉኝ። ስትራክት ውስጥ የተጻፈ ስትራክት ስሙ በዘመድዎ ቋንቋ በሲ ፕላስ ፕላስ ቤቱ ይቀመጣል፤ በእርስዎ ዘንድ ግን አጥር ዘሎ ወደ ውጭ ይወጣል። እርስዎን በሕጋዊ መንገድ ለማንበብ ደግሞ ገንዘብ ይከፈላል፤ ረቂቁ ግን በነጻ ነው። ይህን ለዛሬ ልለፈው።

መስመሯን ጨምሬ ቀና ስል ፕሮግራሙ ሠራ። ኮሚቴው ግን ተነስቶ ነበር። ሊቀ መንበሩ ከበሩ ላይ ሆነው «ገበሬው ከገበሬው ጋር ሲታረቅ ትጠራናለህ» ብለውኝ ሄዱ።

ከማይገባዎት አክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለአንቀጽ 6.2.7፣ ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ ለሚወስነው
ለጥበቃው፣ ለመረጃ ያህል