አያ ብዬነበር

የአክሲዮን ገበያው 0.4 በመቶ ወረደ። አንድ ሺህ የነበረው ሰው አራት ጎደለበት ማለት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። አራት ደቂቃ ሳይሞላ አያ ብዬነበር ስልኩን አንሥቶ «ብዬ ነበር! ይህ መንግሥት ኢኮኖሚውን ገደል ይከተዋል ብዬ ነበር!» ሲል ለጠፈ። አርባ ሰው የእሳት ምልክት አደረገለት። አንዱ ከሥር «ያለፈው መንግሥት ያወረሰን ጣጣ ነው» አለ። ሌላው የዚህኛውን አስተዳደግ አነሣ። ከዚያ በኋላ ስለ 0.4 በመቶ ትንፍሽ ያለ የለም።

የሚያበሽቀው መውረዱ አይደለም። ገበያ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ሥራው ነው። የምታበሽቀው «ብዬ ነበር» የምትባለዋ ናት። ምን ብለህ? መቼ? በስንት? ወደ ኋላ ተመልሶ ትንቢቱን የፈለገ ሰው የሚያገኘው ይህን ነው፦ «ወዳጆቼ፣ አንድ ትልቅ ነገር እየመጣ ነው። ተዘጋጁ።» ገበያው ቢወርድም ይሠራል፣ ቢወጣም ይሠራል፣ አያ ብዬነበር ሚስት ቢያገባም ይሠራል። ትንበያ የሚባል ነገር ቢያንስ አራት ነገር ይዞ ይመጣል፦ የምን ዋጋ፣ ወደ የት፣ በምን ያህል፣ እስከ መቼ። አምስተኛም አለ፤ «ዋጋው እዚህ ከደረሰ ተሳስቻለሁ» የምትል አንዲት መስመር። ይህችን መስመር የጻፈ ተከራካሪ ካገኛችሁ ተንከባከቡት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። በውሻው ግን መቀለድ አይገባም፤ ቢያንስ ያለፈው ጅብ ነው። አያ ብዬነበር የሚጮኸው ድመት ባለፈ ቁጥር ነው። ታላቅ ወንድሙ አያ መጣመጣ ደግሞ ምንም ሳያልፍም ይጮኻል፤ «ድቀት መጣ! ቀውስ መጣ!» ኢኮኖሚስቱ ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1966 የአክሲዮን ገበያው ካለፉት አምስት ድቀቶች ዘጠኙን ተንብዮአል ብሎ ቀልዶ ነበር። አያ መጣመጣን ቢያውቀው ኖሮ ገበያውን ይቅርታ ይጠይቅ ነበር።

ተረት ካነሣን አይቀር ከሁሉ የምወደውን ልንገራችሁ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ይህን ተረት የተረተው ሰው የአክሲዮን ገበያ በዓይኑ ያየ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ የገበያ ትንታኔ አላነበብኩም። አክሲዮን ድሮ ወረቀት ነበረ። ሞኝ ወረቀት ሲይዝ ሁለት የማይለቁ ነገሮች ተያያዙ ማለት ነው፤ ማን ያላቅቃቸው? ሸፍሪንና ስታትማን የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1985 ይህንኑ በረጅሙ ጻፉት። ሰው ያተረፈበትን አክሲዮን ቶሎ ይሸጣል፣ የከሰረበትን አቅፎ ይከርማል። በ100 የገዛው 60 ሲገባ «ካልሸጥኩት አልከሰርኩም» ይላል። ከ60 ተነሥቶ 100 ለመድረስ 40 በመቶ ሳይሆን 67 በመቶ ገደማ መውጣት አለበት። ይህን ደፍሮ የነገረው ሰው «አንተ የዚያኛው ፓርቲ ደጋፊ ነህ» ይባላል።

ፖለቲካ የምትገባው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አልለቅ ያለ ወረቀት ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱ ደግሞ «ሳላነብ ገዛሁ» ቢሆን ያማል። ስለዚህ ማዕከላዊ ባንኩ ነው፣ ሚኒስትሩ ነው፣ ቀረጡ ነው፣ የውጭ እጅ ነው። ድርጅቱ በየሦስት ወሩ የሚያወጣው ሪፖርት ሳይከፈት ተቀምጧል። ሦስት ሠንጠረዥ ማየት ይበቃ ነበር፦ ገቢና ወጪው፣ ሀብትና ዕዳው፣ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱ። በመጀመሪያው ላይ ትርፉ አብቦ በሦስተኛው ላይ ጥሬ ገንዘቡ ከደረቀ፣ ብዙ ጊዜ ወይ ደንበኞቹ ገና አልከፈሉም፣ ወይ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ተከምሯል። ይህን ማየት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ስለ ሚኒስትሩ መከራከር ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፤ ግን አያምም።

አሁን የቆየ ቂሜን ካላወጣሁ አይሆንልኝም። ወለድ ከ4 በመቶ ወደ 5 በመቶ ወጣ እንበል። «አንድ በመቶ ጨመረ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ። አልጨመረም! የጨመረው አንድ የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ከነበረበት አንጻር ከተሰላ ጭማሪው 25 በመቶ ነው። የመንግሥት ደጋፊው «አንድ ብቻ!»፣ ተቃዋሚው «ሃያ አምስት!» እየተባባሉ ያድራሉ፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንዲት ጭማሪ ነው። ነጥብ ስል ሌላው ነጥብ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 1987 የአሜሪካው የአክሲዮን ዋጋ ጠቋሚ ዳው ጆንስ በአንድ ቀን 508 ነጥብ ወደቀ፤ 22.6 በመቶ ማለት ነው። ጠቋሚው 40,000 ላይ ቆሞ ያው 508 ነጥብ ቢወርድ ግን 1.27 በመቶ ነው። አያ ብዬነበር ይህን በመቶኛ አይጽፈውም፤ «500 ነጥብ ተናደ» ማለት ያምራላ! ለዚያውም ዳው ጆንስ የሚሰላው በሠላሳ ድርጅቶች የአንዳንድ አክሲዮን ዋጋ እንጂ በድርጅቶቹ ግዝፈት አይደለም። አክሲዮኑ 500 ዶላር የሆነ አነስተኛ ድርጅት፣ አክሲዮኑ 100 ዶላር ከሆነ ግዙፍ ድርጅት ይልቅ ጠቋሚውን አምስት እጥፍ ይጎትተዋል፤ ሁለቱም እኩል በመቶኛ ቢንቀሳቀሱ። «ኢኮኖሚው» እያለ የሚምለው በዚህ ነው።

ግሽበትማ አይነሣ። «ግሽበት ቀነሰ» ሲባል «ውሸት! ዋጋ መቼ ቀነሰ?» የሚል አይጠፋም። 100 የነበረ ዕቃ በ8 በመቶ ግሽበት 108 ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ግሽበቱ ወደ 3 በመቶ ሲወርድ ዕቃው 111.24 ሆነ። ግሽበቱ ቀንሷል፣ ዕቃው ተወዷል፤ ሁለቱም እውነት ነው። የበጀት ጉድለትና የመንግሥት ዕዳም እንደዚሁ ነው። ጉድለት የዓመቱ ነው፣ ዕዳ የተጠራቀመው። ጉድለቱ አምና 10፣ ዘንድሮ 6 ከሆነ ጉድለት ቀነሰ፤ ዕዳው ግን በሁለቱ ዓመት 16 ጨመረ። ይህን ያልለየ ሰው የገንዘብ ሚኒስትር ያስተምራል።

«ወለድ የጨመሩት የእኛን አክሲዮን ለመግደል ነው» የሚለውንም ላስተናግደው። በዓመት 5 በመቶ የሚከፍል የአሥር ዓመት ቦንድ በ100 ተገዛ። ገበያው 7 በመቶ መጠየቅ ሲጀምር ያ ቦንድ የሚያወጣው 86 ገደማ ብቻ ነው፤ ሊከፈል አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ቢሆን 98 ያወጣ ነበር። ወለድ ሲወጣ አብዝቶ የሚረክሰው የሩቅ ገንዘብ ነው። «ዛሬ አላተርፍም፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ታያላችሁ» የሚል ድርጅት አክሲዮኑ የሚደቆሰው ለዚህ ነው። ይህን ሴራ ማካፈል የሚችል የሒሳብ ማሽን ሁሉ ያውቀዋል።

ሴራ ከተባለ ደግሞ እ.ኤ.አ. የጃንዋሪ 2021ዱ ጌምስቶፕ አለላችሁ። የዚህ የቪዲዮ ጌም መደብር አክሲዮን ዋጋው ሲተኮስ አንዳንድ ደላሎች መግዛት ከልክለው መሸጥ ብቻ ፈቀዱ። በሌላ ነገር የማይስማሙት የአሜሪካ ፖለቲከኞች፣ ዲሞክራቷ ኦካሲዮ-ኮርቴዝና ሪፐብሊካኑ ቴድ ክሩዝ ሳይቀሩ ውሳኔውን በአንድ ድምፅ አወገዙ። ነገሩ ግን ከሴራ ሳይሆን ገንዘቡ ከሚያልፍበት ቧንቧ ነው። ያኔ የተገዛ አክሲዮን ሒሳቡ የሚዘጋው በሁለት የሥራ ቀን ነበር፤ በመሐል አንዱ ወገን ቢወድቅ የሚሸፈንበትን መያዣ ማጣሪያ ቤቱ፣ ማለትም በገዢና በሻጭ መካከል ሆኖ ሒሳቡን የሚዘጋው ተቋም፣ ከደላላው ይጠይቃል፤ ዋጋው ሲናወጥ መያዣው ያብጣል፤ ደላላው ገንዘቡ አልበቃውም። አሜሪካ ከሜይ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ሁለቱን ቀን ወደ አንድ አሳጠረችው። ስለ ሴራው ገና ይጻፋል፤ ስለ መያዣው የሚጽፍ ግን እሳትም አያገኝ።

ቆይ፣ ፖለቲካውን በትክክል መገመቱስ ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ምርጫ ሌሊት ትራምፕ እየመሩ መሆኑ ሲታይ የዳው ጆንስ የወደፊት ውሎች፣ ማለትም ጠቋሚው ወደፊት በሚደርስበት ዋጋ ላይ ከወዲሁ የሚነገድባቸው ውሎች፣ ከ800 ነጥብ በላይ ወረዱ፤ በማግሥቱ ገበያው የተዘጋው በ257 ነጥብ ጭማሪ ነው። ያን ሌሊት ውጤቱን አስቀድሞ አውቆ ዋጋው ወለል ሲነካ የሸጠ ሰው ትክክል ሆኖ ከሰረ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ስትሰጥ ፓውንድ ተንኮታኮተ፤ የለንደኑ የአክሲዮን ጠቋሚ ፉትሲ 100 ግን ደንግጦ ከወደቀ በኋላ በሳምንት ውስጥ ከድምፁ በፊት የነበረበትን አለፈ። ብዙዎቹ ድርጅቶች የሚያገኙት ገንዘብ ከውጭ ስለሆነ፣ ፓውንድ ሲረክስ ያ ገቢ በፓውንድ ሲመነዘር በዛ። ገበያ ዜናን የሚመዝነው ከተጠበቀው ጋር አስተያይቶ ነው። ግሽበት 3.2 ይሆናል ተብሎ 3.0 ከመጣ ሠርግ ነው፤ 2.8 ተጠብቆ 3.0 ከመጣ ለቅሶ ነው። የሚጠበቀው ቁጥር ከወጣው ቁጥር አጠገብ ባለው ዓምድ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዓምዱ የተሠራው ለማን እንደሆነ እንጃ።

ክርክሩ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲግል አያ ብዬነበር ንዴቱን በትእዛዝ ይወጣዋል፤ «በተገኘው ዋጋ ሽጥልኝ።» ገበያው ዝግ ነው፤ ትእዛዙ የሚፈጸመው ጠዋት ሲከፈት ነው። በመክፈቻው ደቂቃዎች ገዢ ይሳሳል፣ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ 50 ያወጣል ያለው በ46 ይሄድበታል። «ከ49 በታች እንዳትሸጥ» የሚል ገደብ ማስገባት አንዲት ሣጥን መሙላት ነበር። ገደቡም የራሱ ጣጣ አለው፤ ዋጋው 49 ካልደረሰ ሳይሸጥ ይቀራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አያ ብዬነበር አይለቅምም፣ «ገበያው ተጭበርብሯል» ብሎ ይለጥፋል። ባርበርና ኦዲን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት 66,465 ቤተሰቦች ከ1991 እስከ 1996 ያደረጉትን ግብይት ሲመረምሩ፣ አብዝተው የሚሸጡና የሚገዙት በዓመት 11.4 በመቶ ሲያገኙ ገበያው ራሱ 17.9 በመቶ ሰጥቶ ነበር። ልዩነቱን በአብዛኛው የበላው ኮሚሽንና ክፍተት ነው። ፓርቲ አይደለም፤ የትኛውም።

እስካሁን እየቀለድኩ ነበር። «ምርጫው የእኛ ነው፣ ተበድራችሁ ግዙ» በሚለው ሰው ግን አልቀልድም። 5,000 የራስ፣ 5,000 የደላላው፣ በ10,000 አክሲዮን ተገዛ። የራስ ድርሻ ከ25 በመቶ እንዳይወርድ ቢባል፣ አክሲዮኑ 6,667 ሲገባ ደላላው «ጨምር» ይላል። አክሲዮኑ የወደቀው በሲሶ ነው፤ የባለቤቱ ገንዘብ ግን ሁለት ሦስተኛው አልቋል፤ ከ5,000 የቀረው 1,667 ነው። ብዙ ደላሎች ደግሞ 25ን አይጠብቁም፤ 30 በመቶ ካሉ ጥሪው 7,143 ላይ ይመጣል። ካልጨመረ ይሸጡበታል፤ ውሉ ሳይነግሩትም እንዲሸጡ ይፈቅድላቸዋል፤ የሚሸጡትም ዋጋው ወለል ላይ ሲሆን ነው። ወለዱ ለብቻው ይቆጠራል። ምክሩን የሰጠው ሰው ምን ያህል እንዳስያዘ ማንም አያውቅም፤ አክሲዮን ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። በማግሥቱ ጽሑፉን ያጠፋዋል። ይህ ሰው በገዛ ፊርማው ዕዳ እየከፈለ ያለውን ሰው «ትዕግሥት የለህም» ሲለው ማየት ደም ያፈላል።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ «ብዬ ነበር»። እዚህ ስንደርስ ገበያው 0.6 በመቶ ተመልሶ ወጥቷል። አያ ብዬነበርም ጽፏል፤ እሳቱ አሁን ሃምሳ ሁለት ደርሷል።