ኖራ ፋብሪካው ውስጥ ውሃው የት ነው?

ለቁጥጥር የሚመጣ ሰው ፋብሪካ በር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያየው ማስታወቂያ ነው፤ ሄልሜት ያደረገ ሰው ሥዕል፣ ከሥሩ «ደህንነት ይቅደም» የሚል ጽሑፍ። ቀጥሎ ስቶር ይገባና ጓንትና መነጽር ይቆጥራል። ኖራ በሚመረትበት ቦታ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ኖራ ዓይኑ ውስጥ የገባበት ሠራተኛ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በስንት እርምጃ ውሃ ያገኛል? መልሱ «ቢሮው አጠገብ ቧንቧ አለ» ከሆነ፣ ፋብሪካው መነጽር በካርቶን ቢገዛም ለዋናው አደጋ አልተዘጋጀም።

ጥያቄውን ከጅማ ሆነን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል፤ ዝናብ የሚበዛበት ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ደግሞ ይብሳል። የጅማ ቀይ አፈር ከዚያው ውስጥ ነው። ለአፈሩ የሚታዘዘው መድኃኒት ኖራ በመሆኑ በየስብሰባው ስለ ሄክታርና ስለ ኩንታል ይወራል። ድንጋዩን ስለሚፈጨው፣ ስለሚያቃጥለው፣ ስለሚያሽገውና በትከሻው ስለሚያወርደው ሰው ግን እምብዛም አይነሳም።

መጀመሪያ መለየት ያለበት ኖራ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው በአብዛኛው ተፈጭቶ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ነው። አቧራው ያስላል፣ ዓይን ይቆረቁራል፤ ቆዳ ግን አያቃጥልም። ለግንባታ፣ ለቆዳ ፋብሪካ፣ ለስኳር ማጣሪያና ለውሃ ማከሚያ የሚሄደው 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የተቃጠለው ነው። 100 ኪሎ ንጹህ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። የሚቀረው 56 ኪሎ ውሃ የጠማው ነገር ነው፤ ውሃውን ካገኘበት ይወስዳል፣ ከአየርም ከላብም ከእንባም። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም በ50 ኪሎ ማዳበሪያ ከረጢት ይታሸጋሉ፣ ሁለቱም ላይ «ኖራ» ተብሎ ይጻፋል። የእርሻውን ኖራ በባዶ እጁ ሲያወርድ የከረመ የቀን ሠራተኛ የተቃጠለው ሲመጣለት በምን ይለየው? የሚለየው ቆዳው ሲላጥ ነው። የተቃጠለው ኖራ ማዳበሪያ ላይ ቀይ ሰፊ መስመርና «የተቃጠለ ኖራ፣ ዓይን ያጠፋል» የሚል ጽሑፍ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ማተም ለአምራቹ ከማዳበሪያው ኅትመት ዋጋ ብዙም የሚለይ ወጪ የለውም።

ወደ ዓይኑ እንመለስ። አሲድ ዓይንን ሲነካ የላይኛውን ሽፋን ስለሚያደርቀው ብዙውን ጊዜ ራሱን በራሱ ይገታል። ኖራ እንዲህ አይደለም። ውሃ የነካው ኖራ ፒኤች (የአሲድና የአልካሊ መለኪያ፤ 7 መሃሉ ነው) 12 አካባቢ ነው፣ ማለትም ኃይለኛ አልካሊ፤ የዓይንን ሥጋ ቅባት ወደ ሳሙና እየለወጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በዚያ ላይ ፍርፋሪው ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ይሸጎጥና ሕመሙ ጋብ ካለ በኋላም ማቃጠሉን ይቀጥላል። ሠራተኛው «ተሻለኝ» ብሎ ወደ ሥራው የሚመለሰው፣ በማግስቱ ዓይኑ ደፍርሶ የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሚደረገው የታወቀ ነው። ማሸት የለም። ሎሚ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ቅባት የለም። «ኮምጣጤ ኖራን ይሰብራል» የሚለው ምክር ኬሚስትሪው ቢመስልም ሌላ ሙቀትና ሌላ ቁስል መጨመር ነው። ጓደኛው የተጎዳውን ሰው ጭንቅላት ወደተጎዳው ዓይን ጎን ያዘነብለዋል፣ የታጠበው ውሃ ወደ ደህናው ዓይን እንዳይፈስ። በሁለት ጣት ቆቡን ከፍቶ ይይዛል፤ ሰውየው ራሱ ከሕመሙ የተነሳ ሊከፍተው አይችልምና። ንጹህ ውሃ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ያለማቋረጥ ይፈሳል፣ ዓይኑ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን እየዞረ። ከዚያ የላይኛው ቆብ ተገልብጦ፣ የተቀመጠ ነጭ ነገር ካለ በረጠበ ንጹህ ጥጥ ይጠረጋል። ይህ ሁሉ ቢያንስ 30 ደቂቃ ነው። ወደ ሆስፒታል የሚኬደው ከዚህ በኋላ ነው፣ በመንገድም ማጠቡ ይቀጥላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለው፤ ግን የትኛውም ሐኪም ቢሆን ባጃጅ ሲፈለግ ያለፈውን ግማሽ ሰዓት መመለስ አይችልም።

ስንት ውሃ ያስፈልጋል? ለዓይን ማጠቢያ የሚጠቀሰው የአሜሪካ ደረጃ በደቂቃ 1.5 ሊትር ለ15 ደቂቃ እንዲፈስና ከአደጋው ቦታ በ10 ሰከንድ እንዲደረስበት ይጠይቃል። ለኖራ ጊዜውን ወደ 30 ደቂቃ ብናሳድገው 45 ሊትር ይሆናል። በእጅ በሚያዝ ጎማ የሚባክነውን ብንጨምርበት እንኳ ከፍ ካለ ቦታ የተቀመጠ፣ ክዳን፣ ቧንቧና ለስላሳ ጎማ ያለው ባለ 200 ሊትር በርሜል ለአንድ ሰው ይበቃል። ለመላ ሰውነት ግን አይበቃም፤ የአደጋ ጊዜ ሻወር በደቂቃ 75 ሊትር ገደማ ስለሚያፈስ በ15 ደቂቃ ከ1,100 ሊትር በላይ ይፈልጋል፣ ማለትም የራሱ ሮቶ። በርሜሉ የሚቀመጠው ማሸጊያው፣ ኖራ በውሃ የሚፈታበት ጉድጓድና የእቶኑ ማውጫ አጠገብ ነው፣ ለእያንዳንዱ አንድ። ውሃው በየሳምንቱ ይቀየራል። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር በርሜል ውሃው በጣም ስለሚሞቅ ጥላ ያስፈልገዋል።

«ውሃ ይቋረጣል» የሚለው ሰበብ ጅማ ላይ በተለይ አያስኬድም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት አገር 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ የሚባክነውን ቀንሰን እንኳ፣ ከ100 ሺህ ሊትር በላይ ያጠራቅማል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፤ ውሃው ከክሬሸሩ (ከድንጋይ መፍጫው) እና ከማሸጊያው ጣሪያ አይጠለፍም። እዚያ ጣሪያ ላይ ኖራ ተጋግሯልና በርሜሉ የሚሞላው በኖራ ውሃ ይሆናል። ከቢሮው ወይም ከነፋሱ ተቃራኒ ካለ ቤት ጣሪያ ይጠለፋል፤ የመጀመሪያው ዝናብም ወደ ውጭ ይለቀቃል።

ያው ዝናብ ሌላ ፊት አለው። አንድ ኪሎ የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲነካው የሚለቀው ሙቀት ጅማ ላይ ከ3 ሊትር በላይ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ቆርቆሮው የሚያፈስ መጋዘን ውስጥ የተከመረ ኖራ ያብጣል፣ ማዳበሪያውን ይቀደዋል፣ ግሎ ሥሩ ያለውን እንጨትና ጆንያ ሊያቀጣጥል ይችላል። እሳት ተነሳ ብሎ ውሃ የሚደፋበት ሰው ያባብሰዋል፤ የሚያዋጣው ደረቅ ዱቄት ያለው ማጥፊያ ወይም አሸዋ ነው። ከሩቅ በዝናብ የመጣ መኪና ሸራው የተበሳ ከሆነ፣ ሸራው ሲገለጥ የሚወጣው እንፋሎትና ትኩስ አቧራ ፊት ለፊት የቆመውን ያገኘዋል። ስለዚህ ሸራ የሚገለጠው ከጎን ሆኖ፣ ከነፋሱ በላይ ቆሞ፣ መነጽር ከተደረገ በኋላ ነው። ማዳበሪያውን በእጅ መንካትና መጋሉን ማየት አንድ ደቂቃ አይወስድም።

ኖራ በውሃ በሚፈታበት ጉድጓድ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፤ ኖራው ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ኖራ አይጨመርም። መጀመሪያ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፣ ኖራው በአካፋ ጥቂት ጥቂት ይገባል፣ 2 ሜትር ገደማ እጀታ ባለው መቅዘፊያ ይማሰላል። ሥራ ሲጣደፍ ተቃራኒው ይሆናል፤ ክምሩ ላይ በባልዲ ይደፋል። ያኔ የላዩ ኖራ ወዲያው ሊጥ ሆኖ ይከድነዋል፣ ውስጡ ደረቅና የሚነድ ሆኖ ይቀራል፣ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ክምሩ ጸጥ ይላል። «ሞቷል» ብሎ በአካፋ የከፈተው ሰው ፊቱ ላይ ይፈነዳል። እቶን ውስጥ ከመጠን በላይ የተቃጠለ ድንጋይማ የባሰ ተንኮለኛ ነው፤ ውሃ ለመጠጣት ሰዓታት ሊወስድበት ይችላል። ጉድጓዱ ሌሊትም የሚታጠረውና የሚከደነው ለዚህ ነው።

እቶኑ ጋ የሚገድለው የሚታየው እሳት ብቻ አይደለም። ድንጋይና ከሰል በንብርብር ከላይ በሚሞላ ቀጥ ያለ እቶን አፍ ላይ፣ በደንብ ያልነደደ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ሽታ የለውም። ራስ ምታቱንና ማዞሩን ሠራተኛው ከረሃብ፣ አለቃው ከትናንቱ መጠጥ ይቆጥሩታል። በጅማ ዞን የዴልቢ-ሞዬ ከሰል አለና በከሰል የሚሠራ እቶን እዚህ ማሰብ ሩቅ አይደለም፤ ይህን የሚያቅድ ባለሀብት የኪስ ጋዝ መለኪያን ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ያስገባ። መለኪያው ከ35 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 35 እጅ) በላይ ሲያሳይ ከእቶኑ አፍ ይወረዳል። በብርድ ሌሊት እቶን ሥር መተኛት በፍጹም ይከልከል። የወደቀ ሰው ለማውጣት ያለ መተንፈሻ መሣሪያ የሚገባ ሁለተኛ ሬሳ ሊሆን ይችላል።

ከክሬሸርና ድንጋዩን በቀበቶ ከሚያጓጉዘው ኮንቬየር ጋር የሚመጣው ጉዳት ሌላ ዓይነት ነው፤ ጣት፣ ክንድ። መነሻው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የኋላው ከበሮ ሥር ደቃቁ ይጠራቀማል፣ ቀበቶው ወደ ጎን ይሸሻል፣ ሠራተኛው ማሽኑ እየሠራ በአካፋ ይጠርገዋል። ቀበቶው በሰከንድ 1.5 ሜትር ቢሄድ፣ ሰው ደንግጦ እጁን ለመሳብ ሩብ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀበቶው 37 ሴንቲ ሜትር ሄዷል። ከበሮው የአካፋውን ጫፍ ሲይዝ እጀታውን የጨበጠው እጅ አብሮ ይገባል። መሸፈኛው የት ሄደ? ግሪስ ለመቀባት ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ግሪስ በተቀባ ቁጥር የሚፈታ መሸፈኛ እንዳይመለስ ተደርጎ የተሠራ ነው። መፍትሔው ወቀሳ ሳይሆን የግሪሱን ቱቦ ከመሸፈኛው ውጭ ማውጣት ነው። ለጽዳት ደግሞ ዋናው ማብሪያ ይጠፋል፣ በቁልፍ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ውስጥ በሚገባው ሰው ኪስ ይሆናል። አለቃው ትርፍ ቁልፍ ካለው መቆለፉ ምንም አይሠራም።

ስለ መከላከያ ልብስ ብዙ ስለሚባል በአጭሩ እንለፈው። የጥጥ ጓንት ላብና ኖራ ይዞ ይቀመጣልና ከባዶ እጅ የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ናይትሪል የሚባለው የጎማ ጓንት ይሻላል። ሱሪ ከቦቲው ውጭ ይለቀቃል እንጂ ውስጥ አይጎዘጎዝም፤ የገባ ኖራ እግር ሲያበስል ይውላልና። ቆዳ ላይ ያረፈ ደረቅ ኖራ መጀመሪያ ይራገፋል፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ለአቧራው የጨርቅ ማስክ ሳይሆን ደቃቅ አቧራ የሚያጣራው ኤን-95 ማስክ ያስፈልጋል፤ የአሜሪካው የሙያ ጤና ተቋም ናዮሽ ለተቃጠለ ኖራ አቧራ የሚመክረው ጣሪያ በሜትር ኩብ አየር 2 ሚሊ ግራም ነው፣ በዓይን የሚታይ ነጭ ጭጋግ ያለበት ማሸጊያ ክፍል ደግሞ ያንን ማለፉን ለመጠርጠር ላቦራቶሪ አያስፈልግም። መነጽሩን ሠራተኛው የሚያወልቀው ስለሚያጉም ነው። የጅማ እርጥበት ይጨምርበታል። ስስ ፈሳሽ ሳሙና ቀብቶ በደረቅ ጨርቅ መወልወልና ለአንድ ሰው ሁለት መነጽር መስጠት ከቅጣት ማስጠንቀቂያ የተሻለ ይሠራል።

ጫኝና አውራጁን ማንም የፋብሪካው ሠራተኛ አድርጎ አይቆጥረውም። 100 ኩንታል ጭነት ማለት 200 ማዳበሪያ ነው፤ አራት ሰው ቢካፈለው ለእያንዳንዱ 50፣ ማለትም 2.5 ቶን በአንገትና በትከሻ። ከስፌቱ የሚፈሰው ኖራ አንገት ላይ ከላብ ጋር ይቦካል። ማታ ቤቱ ገብቶ ሲታጠብ ነው ቆዳው መላጡን የሚያየው፤ ያ ጉዳት የትም አይመዘገብም።

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሥልጠናና መከላከያ እንዲሰጥ፣ አደጋን እንዲመዘግብና እንዲያሳውቅ ያዛል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለ6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። «ጓንት አላደረገም» የሚለው መከራከሪያ የሚሠራው አሠሪው መመሪያውን በግልጽ አውጥቶ ያሳወቀ ከሆነ ነው፤ በር ላይ ያለ ሥዕል መመሪያ አይደለም።

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ብዙ ቦታ መዝገቡ የሚይዘው ከሥራ የቀረውን ብቻ ነው፤ ዓይኑን ታጥቦ የተመለሰው አይገባም፣ በደላላ የመጣው የቀን ሠራተኛማ ስሙም የለ። መዝገቡ ስም፣ ሰዓት፣ የሥራ ቦታ፣ የተጎዳው አካል፣ ውሃ ለማግኘት የወሰደው ጊዜና የታጠበበት ደቂቃ የሚሉ ዓምዶች ይኑሩት። ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ዓምዶች ለሥራና ክህሎት ተቆጣጣሪው ከስቶር ቆጠራ የበለጠ ይነግሩታል። የቀን ሠራተኛው ስምና የጣት አሻራ በየዕለቱ ይያዝ፣ ቅጂው ለራሱ ይሰጠው፤ ደመወዙን ማስረዳት ያልቻለ ካሳውን ማስላት አይችልም። ሲቀጠርም ዓይኑ ይለካ። አዋጁ አሠሪው እንደ ሥራው ባሕርይ አዲስ ሠራተኛን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ይላል፤ በ6 ሜትር ርቀት የሚነበብ የዓይን መለኪያ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለአንድ ሰው 5 ደቂቃ ይበቃል። ያ ወረቀት ከሌለ አንድ ዓይኑ የደፈረሰበትን ሠራተኛ «ድሮም እንዲህ ነበርክ» ለማለት ለማንም ቀላል ነው።