ከመሣሪያው በፊት ቅኝቱ
ከተለያዩ ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ ልጆች በአንድ ኦርኬስትራ እንዳይጫወቱ ዋናው እንቅፋት የመሣሪያ እጥረት ነው መባሉ በከፊል እውነት ቢሆንም፣ በተማሪነቴ ከሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ክራር ስጫወት መጀመሪያ የገጠመን ችግር የቅኝት፣ ማለትም የክሮቹ ድምፅ ከፍታ፣ ልዩነት ነበር። ሁላችንም ትዝታን እናውቅ ነበር፤ ሆኖም ክራሮቻችን በየመምህሮቻችን ጆሮ የተቃኙ ስለነበሩ አብረን ስንጀምር ድምፁ ተጋጨ። ዋሽንት አንዴ ቀዳዳው ከተበሳ እንደ ክራር ክር ሊወጠር ወይም ሊላላ ስለማይችል፣ አንድ ዋሽንት ተመርጦ ክራሩም ማሲንቆውም በእሱ ተቃኘ፤ ጠዋቱ በዚሁ አለቀ፣ ከሰዓት በኋላ ግን የጎረቤቴን ክራር ከራሴ መለየት አቃተኝ። «የባህል መሣሪያ ለኦርኬስትራ አይሆንም» በሚለው አስተያየት አልስማማም፤ የግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 የመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለው የባህል ሙዚቃ ቡድን ክራርን፣ ማሲንቆን፣ በገናንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ አጫውቷል።